የወያላው ክንድ፦ በአየር ጤና የቬክተር አኒሜሽን የመጀመሪያ ትምህርት

ቬክተር አኒሜሽን በነጥቦችና በነጥቦቹ መካከል በሚያልፉ መስመሮች የተሠራን ሥዕል በኮምፒውተር የማንቀሳቀስ ሙያ ነው። ኮምፒውተሩ የሚይዘው እያንዳንዱ ነጥብ የት እንደተቀመጠ፣ መስመሩ ወዴት እንደሚጎብጥና በውስጡ ምን ቀለም እንደሞላ ነው። ነጥቡ ሲነሳ መስመሩ አብሮት ይነሳል። አንድ ጊዜ የተሳለ ክንድ እንደገና ሳይሳል ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ይወዛወዛል። ለጀማሪ የሙያው ትልቁ ስጦታም ትልቁ ፈተናም ይኸው ነው፤ እጅ ከመሳል ሲያርፍ ሥራው ሁሉ ወደ ጊዜ ይዞራል።

ፎቶግራፍ በሌላ መንገድ ይቀመጣል። ወርዱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ነጠብጣብ የሆነ አንድ ምስል 2,073,600 ነጠብጣቦች ሲኖሩት የእያንዳንዱ ቀለም ለየብቻው ይመዘገባል። በሴኮንድ 24 ምስል ለሚያሳይ ፊልም ቁጥሩ በየሴኮንዱ ወደ 50 ሚሊዮን ይጠጋል። በቬክተር የተሳለ ክብ ግን መሃሉ የት እንደሆነ፣ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ ምን ያህል እንደሚርቅና ቀለሙ ምን እንደሆነ ከታወቀ አለቀ። ፋይሉ ትንሽ የሚሆነው፣ ሥዕሉም በስልክ ላይ ታየ በሕንፃ ላይ በተሰቀለ ማስታወቂያ ጠርዙ የማይሻክረው በዚህ ምክንያት ነው።

በአዲስ አበባው የአየር ጤና ሰፈር ውስጥ በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ማመልከቻ ያስተየበ ሰው ሁሉ ከቬክተር ጋር ተገናኝቷል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው እያንዳንዱ ፊደል በነጥብና በጎባጣ መስመር የተቀረጸ ስለሆነ ለአርእስት ሲተልቅ አይሰባበርም። የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር ወደሚመዘገቡበት ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው በ1999 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መስመሩን የሚያጎብጠው ሒሳብ ደግሞ የተገኘው ከመኪና ፋብሪካ ነበር። ፖል ደ ካስቴልዦ በ1959 ለሲትሮዬን፣ ፒዬር ቤዚዬ በ1960ዎቹ ለሬኖ ሲሠሩ የመኪና አካልን ጉብጠት በቁጥር የሚገልጹበትን መንገድ አገኙ። ዛሬ ጀማሪው ማውሱን ጠቅ አድርጎ ሲጎትት ከነጥቡ ግራና ቀኝ የሚወጡት ሁለት እጀታዎች የዚያ ሒሳብ ፍሬ ናቸው። እጀታው ሲረዝም ጉብጠቱ ይሰፋል፤ ሲያጥር ይጠባል።

በእነዚህ እጀታዎች ላይ ጀማሪዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ልማድ ያሳያሉ። መስመሩ እምቢ ባለ ቁጥር ሌላ ነጥብ ይጨምራሉ። ለአንድ ሞላላ ፊት ሃያ ነጥብ የተከለ ሰው በሥዕሉ ላይ ችግሩን አያየውም፤ ፊቱን ማዞር ሲጀምር ግን ሃያውንም ነጥብ አንድ በአንድ ማንቀሳቀስ ግድ ይሆንበታል፤ ፊቱም እየተንቀጠቀጠ ይዞራል። ለሞላላ ፊት አራት ነጥብ ይበቃል። ሥዕል የለመደ እጅ እንኳ ይህን ለመቀበል ጊዜ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም በወረቀት ላይ መጨመር ማበልጸግ ሲሆን፣ በሚንቀሳቀስ ቬክተር ላይ መቀነስ ነው ብልኃቱ።

ሥዕልን የማንቀሳቀስ ሙያ ራሱ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። ፈረንሳዊው ኤሚል ኮል በ1908 «ፋንታስማጎሪ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ 700 ያህል ሥዕሎችን ስሎ ሁለት ደቂቃ እንኳ የማይሞላ እንቅስቃሴ አገኘ። ጀርመናዊቷ ሎተ ራይኒገር በ1926 ለእይታ በበቃው «የልዑል አሕመድ ጀብዱዎች» ሌላ መንገድ ተከተለች፤ የሰዎቹን ጥላ ቆርጣ፣ ክንድና እግራቸውን በመገጣጠሚያቸው አያይዛ፣ በጥቂቱ እያንቀሳቀሰች ፎቶ አነሳች። በዛሬው ሶፍትዌር ውስጥ ገጸ ባሕርይ በቁርጥራጭ ተሠርቶ በመገጣጠሚያው የሚታጠፍበት ዘዴ የራይኒገርን አሠራር ይመስላል። በአፍሪካም ኒጀራዊው ሙስጠፋ አላሳን በ1966 እንቁራሪቶችን ገጸ ባሕርይ ያደረገውን «ቦን ቮያዥ ሲም» ሠርቷል።

ቬክተር ወደ አኒሜሽን በሰፊው የገባው በኢንተርኔት ቅጥነት ምክንያት ነው። በ1996 የወጣው ፊውቸርስፕላሽ አኒሜተር የተባለ ሶፍትዌር በማክሮሚዲያ ኩባንያ ተገዝቶ «ፍላሽ» ሲባል፣ በስልክ መስመር በሚንፏቀቀው የያኔው ኢንተርኔት ላይ ቪዲዮ መላክ የማይታሰብ ነበር፤ ነጥብና መስመር መላክ ግን ይቻል ነበር። አዶቢ በ2005 ማክሮሚዲያን ገዛ፤ ሶፍትዌሩን በ2016 «አኒሜት» ብሎ ሰየመው። በድረ ገጽ ላይ ሥራዎቹን ያጫውት የነበረው ፍላሽ ፕሌየር ደግሞ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 አገልግሎቱ አበቃ። ፕሌየሩ ቢሞትም ያስገኘው አሠራር አልሞተም። በሜጋባይት ለክቶ ዳታ ለሚገዛ የአዲስ አበባ ጀማሪ የቀላል ፋይል ጥቅም ዛሬም ያው ነው።

በኢትዮጵያ ሥዕልን ማንቀሳቀስ ከጥቂት ሰዎች ጽናት የተነሳ ነው። አስተማሪ የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ከሼን ኢትዘንሃውዘር ጋር በ2005 ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሠረተች፤ ሥራቸው የተጀመረው በመኖሪያ ቤታቸው ነበር። ከዚያ የወጣችው ቀጭኔ፣ የ«ጸሐይ መማር ትወዳለች» ጸሐይ፣ በእጅ የምትንቀሳቀስ አሻንጉሊት ብትሆንም በአማርኛ ከሕፃናት ጋር የሚነጋገር ገጸ ባሕርይ በቴሌቪዥን ቦታ እንዳለው አሳየች። ብሩክታዊት በ2010 ከሮሌክስ ሽልማት ወጣት ተሸላሚዎች አንዷ ሆናለች። ይኸው ድርጅት በኋላ «ጥበብ ገርልስ» የተባለውን፣ ሦስት ኢትዮጵያውያን ልጃገረዶች ጎጂ ልማዶችን የሚታገሉበትን አኒሜሽን ሠራ። አዲስ አበባ ተወልዶ በኒው ዮርክ የሚሠራው ሠዓሊ እዝራ ውቤ ደግሞ በ2011 «ሒሳብ» በተባለው ሥራው በአንድ ሸራ ላይ እየቀባ፣ እያጠፋና ፎቶ እያነሳ የከተማዋን ተረት አንቀሳቅሷል፤ አህያ፣ ውሻና ፍየል በሰማያዊና ነጭ ታክሲ የተሳፈሩበትን፣ ከታክሲው ሒሳብ በኋላም ሦስቱ መኪና ሲያዩ ለምን የየራሳቸው ጠባይ እንዳላቸው የሚያስረዳውን ተረት። ውቤ የሠራው በቀለምና በሸራ እንጂ በቬክተር አይደለም። ቢሆንም ለአየር ጤና ጀማሪ ከማንኛውም የውጭ አገር ማስተማሪያ ይልቅ ይጠቅመዋል፤ ታክሲው ራሱ የፊልም ርዕሰ ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ያሳያልና።

አየር ጤና በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ሰፈር ነው። የከተማው ቀላል ባቡር በምዕራብ በኩል የሚያበቃው ጦር ኃይሎች ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሰው የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው በሚኒባስ፣ በአውቶቡስና በእግሩ ነው። ከምሽቱ አሥራ አንድ ሰዓት በኋላ በታክሲ ተራው ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ሙሉ የእንቅስቃሴ ትምህርት ከፊቱ ተዘርግቷል። ተራ አስከባሪው ሰልፉን በእጁ ይገፋል። ሸክም ያለበት ሰው ወደፊት ዘንበል ብሎ አጭር አጭር ይራመዳል። ረዳቱ፣ በከተማው አጠራር ወያላው፣ በተከፈተው በር ግማሽ አካሉን አውጥቶ ክንዱን ያወዛውዛል። ጀማሪው አንድ ነገር ከመሳሉ በፊት እዚህ ቆሞ ማየት አለበት፤ ፈቃድ ጠይቆ በስልኩ ቢቀርጽና ቤት ገብቶ በዝግታ ቢያጫውተው ደግሞ የተሻለ ነው።

ሶፍትዌር መምረጥ ብዙ ጀማሪዎችን ከሚገባው በላይ ያደክማል። አዶቢ አኒሜትና ቱን ቡም ሃርመኒ በየወሩ ወይም በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልባቸው ናቸው፤ ያ ክፍያ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሆኖ በቀላሉ የሚፈጸም አይደለም። ክፍያ የማይጠይቁም አሉ። ሲንፊግ ስቱዲዮን የጀመረው ሮበርት ኳትልባም በ2005 ለሕዝብ በነፃ ለቀቀው፤ ሥዕል ለመሳል ኢንክስኬፕ፣ በእጅ እየሳሉ ለማንቀሳቀስ ኦፕንቱንዝና በብሌንደር ውስጥ ያለው ግሪስ ፔንስል ይገኛሉ። በጓደኛ ላፕቶፕ ላይ አንዴ ከወረዱ በፍላሽ ዲስክ ተቀድተው ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ሕጉም ይፈቅዳል። ቁልፉ ተሰብሮ በእጅ ከሚዞር የተከፈለበት ሶፍትዌር፣ ቫይረስ ይዞ ከሚመጣው፣ ነፃውን መማር በሁሉም መንገድ ይበልጣል።

ጀማሪ ሲንፊግን ሲከፍት በመሃል ባዶ ሸራ፣ በጎን የሌየሮች ዝርዝር፣ ከታች የጊዜ መስመር ያገኛል። ሌየር ማለት እያንዳንዱ የሥዕል ክፍል የተቀመጠበት ንብር ነው፤ ከላይ ያለው ከታች ያለውን ይሸፍናል። ከሸራው ሥር ትንሽ አረንጓዴ የሰው ምልክት አለች። ጠቅ ስትደረግ ቀይ ትሆናለች፤ ሸራውም በቀይ መስመር ይከበባል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ በጊዜ መስመሩ ላይ ይመዘገባል። ብዙው የመጀመሪያ ቀን ብስጭት ከዚህች ምልክት ይነሳል። አረንጓዴ ሳለች ክንዱን ያነሳ ሰው ፊልሙን ሲያጫውት ክንዱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደተነሳ ያገኘዋል፤ ቀይ ሳለች የሸሚዙን ቀለም ያስተካከለ ደግሞ ሸሚዙ ቀስ እያለ ቀለሙን ሲለውጥ ያያል። አቅጣጫቸው የተለየ ቢመስልም ሁለቱም ስሕተቶች አንድ ነገር ያስተምራሉ፦ በአኒሜሽን ውስጥ «ምን?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ «መቼ?» ከሚለው ጋር ተጣምሮ ነው የሚመጣው።

የመጀመሪያው ልምምድ በዓለም ሁሉ ኳስ ነው። በመማሪያዎቹ ላይ ያለው ኳስ ወድቆ ይነጥራል፣ መሬት ሲነካ ይደፈጠጣል፣ ሲነሳ ይረዝማል። የዲዝኒ ሠዓሊዎቹ ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ከዘረዘሯቸው 12 መርሆች የመጀመሪያው ይህ መደፍጠጥና መርዘም ነው። በአየር ጤና የውስጥ ለውስጥ መንገድ ልጆች የሚጫወቱበት የጨርቅ ኳስ ግን እንዲህ አይነጥርም። ከባድ ነው፤ ወድቆ ትንሽ ብቻ ይነሳና ተንከባሎ ይቆማል። ማስተማሪያውን እንዳለ የገለበጠ ጀማሪ የጨርቁን ኳስ እንደ ጎማ ያስነጥረዋል፤ ሥዕሉ የጨርቅ፣ እንቅስቃሴው የጎማ ይሆንበታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንቀሳቀስ ከሁሉ የተሻለ የመጀመሪያ ልምምድ ነው። የሁለቱ ክብ መጠንም ቀለምም አንድ ይሁን፤ ልዩነቱ በሚነሱበት ከፍታና ለመነሳት በሚወስዱት ፍሬም ብቻ ይታይ። ተመልካች የትኛው ጨርቅ፣ የትኛው ጎማ እንደሆነ ሳይነገረው ካወቀ ጀማሪው ክብደትን መግለጽ ችሏል ማለት ነው። ክብደት የሚገለጸው በጊዜ ነው።

ፍሬም ማለት በፊልሙ ውስጥ ያለ አንድ ቋሚ ምስል ነው። ለሲኒማ በሴኮንድ 24 ፍሬም የተለመደ ሲሆን ኢትዮጵያ በምትከተለው የቴሌቪዥን ሥርዓት 25 ነው። በእጅ የሚሳል አኒሜሽን ብዙ ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ስለሚያቆየው ለአንድ ሴኮንድ 12 ሥዕል ይበቃዋል። በቬክተር ሥራ ጀማሪው የሚወስነው ዋና ዋናዎቹን ቦታዎች ብቻ ነው፤ በመካከል ያሉትን ኮምፒውተሩ ይሞላቸዋል። ዋናው ቦታ በብዙ ሶፍትዌሮች ኪፍሬም ይባላል። ከግራ ጠርዝ የተነሳ ሚኒባስ በ48ኛው ፍሬም ቀኝ ጠርዝ እንዲደርስ ከተደረገ ኮምፒውተሩ በመካከል ያለውን መንገድ እኩል እኩል ያካፍለዋል። ውጤቱ ይንቀሳቀሳል፤ ግን መኪና አይመስልም። ሰው ጭኖ ከተራው የሚወጣ ሚኒባስ መጀመሪያ በዝግታ ይነሳል፣ ከዚያ ይፈጥናል፣ ወራጅ ሲጠራ ፍጥነቱን እየቀነሰ ይቆማል። ይህን ለማግኘት በመነሻውና በመድረሻው አጠገብ ያሉት ፍሬሞች ተቀራርበው፣ በመካከል ያሉት ተራርቀው መቀመጥ አለባቸው። ሶፍትዌሮቹ ይህን በአንድ ትእዛዝ ያደርጉታል፤ ትእዛዙን ያላወቀ ጀማሪ ግን ሥዕሉን እየቀያየረ ችግሩን በሥዕሉ ውስጥ ይፈልገዋል።

ከዚህ በኋላ ሰው ይመጣል። ወያላው ጥሩ የመጀመሪያ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ግማሽ አካሉ በመኪናው ስለሚሸፈን እግር አያስፈልገውም። ጭንቅላት፣ ደረት፣ የላይኛው ክንድ፣ የታችኛው ክንድና መዳፍ በየራሳቸው ሌየር ይሳላሉ። መዳፉ ከታችኛው ክንድ፣ ያ ከላይኛው፣ የላይኛው ከደረቱ ጋር ይታሰራል፤ ደረቱ ሲዘነበል ሁሉም አብረው ይዘነበላሉ፤ መዳፉ ሲዞር ግን ክንዱን አይጎትትም። በሲንፊግ ይህን በአጥንት ማሰር ይቻላል፤ አጥንቶቹ ከሥዕሉ ላይ ይዘረጋሉ፣ ሥዕሉም ይከተላቸዋል።

ጀማሪውን እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ክርን ነው። ክንዱ ቀጥ ብሎ ሳለ ያማረው ሥዕል ሲታጠፍ በክርኑ ላይ ይከፈታል ወይም ሹል ወጣ ይልበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን ማንም በራሱ ቶሎ አያገኘውም። ሁለቱ የክንድ ክፍሎች ክርን ላይ የሚገናኙበት ጫፍ እኩል ስፋት ያለው ግማሽ ክብ መሆን አለበት፤ የሚዞሩበት ነጥብም በትክክል የክቡ መሃል ላይ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ክንዱ በየትኛውም ማዕዘን ቢታጠፍ ክቡ ክፍተቱን ይሞላዋል። ዙሪያው ጥቁር መስመር ካለው ደግሞ በመገጣጠሚያው በኩል ያለው መስመር ክፍት ይተዋል፤ አለበለዚያ ክርኑ ላይ የሚያቋርጥ ጥቁር ቅስት ይታያል። ትከሻም፣ ጉልበትም፣ አንገትም በዚሁ ሕግ ይሠራሉ።

ክንዱ ሲነሳ ከታች ወደ ላይ በአንድ ፍጥነት ከሄደ የፋብሪካ ማሽን ይመስላል። ሰው ክንዱን ከማንሳቱ በፊት ጥቂት ዝቅ ያደርጋል፤ ካነሳውም በኋላ ከሚፈልገው ቦታ ትንሽ አልፎ ይመለሳል። ለመጀመሪያ ሙከራ 4 ፍሬም ለዝቅታው፣ 6 ፍሬም ለመነሳቱ፣ 5 ፍሬም ለመመለሱ ቢሰጥ ውጤቱ ወዲያው ይለወጣል። መዳፉም ከክንዱ 2 ፍሬም ዘግይቶ ይድረስ። በአካል ላይ የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ ይዘገያል፤ ነጠላ ለብሳ የምትሄድ ሴት ስትቆም የነጠላዋ ጫፍ ወዲያው አይቆምም። የነጠላው የላይኛው ነጥብ ከትከሻዋ ጋር፣ የመካከለኛው ጥቂት ዘግይቶ፣ ጥለቱ ደግሞ ከሁሉም በኋላ እንዲቆም ማድረግ የቬክተር ነጥቦች ጥቅም ጎልቶ የሚታይበት ሥራ ነው።

የእግር ጉዞ የሚሠራው በአራት ዋና ቦታዎች ነው፤ ተረከዝ መሬት ሲነካ፣ ጉልበት ክብደቱን ተቀብሎ ሰውነት ዝቅ ሲል፣ አንዱ እግር በሌላው አጠገብ ሲያልፍ፣ ሰውነት ተገፍቶ ከፍ ሲል። በ24 ፍሬም አሠራር ለአንድ እርምጃ 12 ፍሬም የተለመደ ነው፤ የቸኮለ ሰው 8፣ ሸክም ያለበት ወይም ያረጀ ሰው 16 እና ከዚያ በላይ ይወስዳል። የጀማሪ ተራማጅ አብዛኛውን ጊዜ የረገጠው እግር በመሬቱ ላይ ይንሸራተታል፤ የእግሩና የመንገዱ ፍጥነት አልተስማሙም ማለት ነው።

እስክስታን ማንቀሳቀስ የሚሻ ሰው ደግሞ ከውጭ የሚወርዱ ዝግጁ ገጸ ባሕርያት አይበቁትም። በአብዛኞቹ ላይ ክንዱ በቀጥታ ከደረት ጋር ስለታሰረ ትከሻው ለብቻው አይነሳም፣ ወደፊትና ወደኋላም አይሄድም። የእስክስታ ሕይወት ደግሞ ትከሻው ላይ ነው። ለዚህ በደረትና በክንድ መካከል ግራና ቀኝ ሁለት የትከሻ ክፍሎች መጨመር፣ ክንዶቹንም ከእነሱ ጋር ማሰር ያስፈልጋል። ኢትዮጵያዊ ገጸ ባሕርይ ሲሠራ የሚለወጠው ልብሱና የቆዳው ቀለም ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ የለም፤ አጥንቱም ይለወጣል።

በመልክ በኩል ጀማሪው ከባዶ አይነሳም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለዘመናት የሠራው በደማቅ የዙሪያ መስመርና በወጥ ቀለም ነው፤ ቬክተር የሚወደውም ይህንኑ ነው። በዚያ ሥዕል ልማድ ቅዱሳን ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዙረው በሁለት ዓይን ይሳላሉ፤ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ዓይኖቹ ትልልቅ፣ ነጫቸው ሰፊ፣ ብሌናቸው ጥቁር ነው። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች የታወቁት በእነዚሁ ዓይኖች ነው። እንዲህ ያለ ዓይን በሁለት ሌየር ይሠራል፤ ነጩ ቦታው ላይ ሆኖ ብሌኑ ብቻ ወደ ጎን ሲሄድ ገጸ ባሕርዩ ያያል፣ ይጠረጥራል፣ ይሰማል። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል ከፍለው የሚያሳዩት ሸራዎች ደግሞ ከፊልም በፊት የሚዘጋጀውን የትዕይንት ቅደም ተከተል ጥሩ አድርገው ያስተምራሉ፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ድርጊት ብቻ ይይዛል።

ወያላው እንዲናገር ሲፈለግ አፉ ከድምፁ ጋር መግጠም አለበት። የእንግሊዝኛ ማስተማሪያዎች ለዚህ የሚሰጡት የአፍ ቅርጾች ዝርዝር ለአማርኛ በትክክል አይገጥምም። አማርኛ አንባቢ ግን በሕፃንነቱ የቆጠረው የተሻለ ዝርዝር አለው፤ ሰባቱ የፊደል ቤቶች የአፍ ቅርጾች ናቸው። ካዕብ ከንፈርን ያሞጠሙጣል። ሣልስና ኃምስ ወደ ጎን ይለጥጡታል። ራብዕ መንጋጋን አውርዶ አፍ ያስከፍታል። ሳብዕ ክብ ያደርገዋል። ግዕዝና ሳድስ አፍን በመጠኑ ብቻ ከፈት ያደርጋሉ። ለጀማሪ እነዚህ አምስት ቅርጾች ሆነው ሊሳሉ ይችላሉ። በእነሱ ላይ ለመ፣ ለበ፣ ለፐና ለጰ የተዘጋ ከንፈር፣ ለፈ ደግሞ የላይኛው ጥርስ ታችኛውን ከንፈር የነካበት ቅርጽ ሲጨመር በድምሩ ሰባት ሥዕል ብዙውን የአማርኛ ንግግር ይሸፍናል።

«አየር ጤና» የሚለው ጥሪ ለመጀመሪያ ልምምድ እጅግ ይመቻል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከንፈር አንድ ጊዜም አይዘጋም። «አ» በአነጋገር እንደ ራብዕ ትሰማለችና አፉ ሰፊ ሆኖ ይጀምራል፤ በ«የር» ይጠባል፣ በ«ጤ» ይለጠጣል፣ በ«ና» እንደገና ይከፈታል። ጥሪው አንድ ሴኮንድ ቢወስድ ለእያንዳንዱ ክፍለ ድምፅ 6 ፍሬም ያህል ይደርሳል። «ጦር ኃይሎች» ላይም ከንፈር አይገጥምም፤ ክብ፣ ክፍት፣ ክብ እያለ ይሄዳል። «መገናኛ»፣ «ፒያሳ» ወይም «መርካቶ» ሲባል ግን ቃሉ በተዘጋ ከንፈር ይጀምራል፤ ያ መዘጋት ለ2 ፍሬም እንኳ ካልታየ ተመልካች ድምፁና አፉ እንዳልተገናኙ ወዲያው ይሰማዋል። አኒሜተሮች በልማድ የአፉን ቅርጽ ከድምፁ 1 ወይም 2 ፍሬም ያስቀድሙታል። ድምፁ መቀረጽ ያለበት ከሥዕሉ በፊት ነው፤ ፀጥ ባለ ክፍል፣ ስልኩን ወደ አፍ ሳያስጠጉ።

ፊልሙ ሲያልቅ ነጥብና መስመሩ ወደ ቪዲዮ ይለወጣል፤ ይህ ሬንደር ይባላል። አቅም ባነሰው ላፕቶፕ ላይ ጊዜ ይወስዳል፤ መብራት ከሄደና ባትሪው ካላስተማመነ በመካከል ይቋረጣል። በአንድ የቪዲዮ ፋይል ሬንደር ያደረገ ሰው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ስለዚህ እያንዳንዱን ፍሬም ለየብቻው ፒኤንጂ ምስል አድርጎ ማስወጣት ይመረጣል፤ መብራት ሲመለስ ከቆመበት ፍሬም ይቀጥላል፣ መጨረሻ ላይ ምስሎቹ ከድምፁ ጋር በአንድ ቪዲዮ ይጣመራሉ። በፊልሙ ውስጥ በአማርኛ የተጻፈ አርእስት ካለ ፊደሉ በኢንክስኬፕ ወደ ቅርጽ ተለውጦ ቢገባ ፊደሉ ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ወደ ባዶ ሳጥን አይለወጥም። የመጀመሪያው የሥራ ፋይልም ከቪዲዮው ጋር በሌላ ፍላሽ ዲስክ ላይ ይቀመጥ፤ ከቪዲዮ ወደ ነጥብ መመለሻ የለም።

ለመጀመሪያ ሥራ አሥር ሴኮንድ ይበቃል፤ አንድ ሚኒባስ ከተራው ይነሳል፣ አንድ ወያላ ክንዱን አንስቶ የሰፈሩን ስም ይጠራል። በዚያች አሥር ሴኮንድ ውስጥ ክብደት፣ ፍጥነት፣ መገጣጠሚያ፣ ዓይንና አፍ ሁሉም አሉ። ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ታሪክ አስቦ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ደቂቃ ሳያልፍ ያቆማል። አጭሩን የጨረሰ ግን በሚቀጥለው ሥራው ላይ የሳለውን ወያላ፣ የሠራውን መኪናና ሰባቱን አፎች አዲስ ሳይስል ይጠቀምባቸዋል።